ኮራፊዋና መስታወቱ

ጥቅምት 4

ይህን ደብተር ተቆጣጣሪው ሙንዚር የሰጠኝ ሰው እንድቆጥርበት ነው። ከፊት ያለው ገጽ የመንግሥት ነው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ሰው ገባ። ከኋላ ያለው ግን ባዶ ስለሆነ የራሴ አድርጌዋለሁ። እጄ ከጽሕፈት ከተለያየ ቆይቷል። ቢሆንም ሰው ሁሉ ስልኩን ሲያዋራ ይውላል፤ እኔ ወረቀት ባዋራ ማን ይቀየመኛል?

ዛሬ የጎብኚው ወቅት ተከፈተ፤ ሦስት አውቶቡስ መጣ። የምጠብቀው የፈርዖን ዘመን መቃብር ውስጥ ያለው አምፖል ከሰኔ ጀምሮ እንደሞተ ነው። ለሙንዚር ስነግረው «ተመዝግቧል» አለኝ። እዚህ አካባቢ የተመዘገበ ነገር ማለት የተቀበረ ነገር ነው፤ ልዩነቱ የተመዘገበውን መጥቶ የሚቆፍር አለመኖሩ ነው። ስለዚህ የአባቴን መስታወት ከሣጥን አወጣሁ።

መስታወቱን ደጅ በርጩማ ላይ አቁሜ ፀሐይዋን እቀበልና በመተላለፊያው ወደ ውስጥ እልካታለሁ። ውስጥ በብርማ ወረቀት የተለበጠ ሰሌዳ አለ፤ እሱ ተቀብሎ መሬት ላይ የተነጠፈ ነጭ ጨርቅ ላይ ይጥላታል። ከጨርቁ ላይ ብርሃኑ ቀስ ብሎ ይነሣና ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ ያለብሰዋል። ዓይን እስኪለምድ ትንሽ ይቆያል። አባቴም የዚሁ መቃብር ዘበኛ ነበር። መስታወት አያያዝ ሲያስተምረኝ ደጋግሞ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፦ «ብርሃኑን መሬት ላይ ጣለው፤ ፊቷ ላይ አትጣልባት። ጥላ የለመደች ልጅ ናት።»

ልጅ የሚላት ኮራፊዋን ነው። ሰባት ልጃገረዶች ቅርጫት ተሸክመው ግድግዳው ላይ በሰልፍ ተስለዋል። ስድስቱ ወደ ፊት ያያሉ። ሰባተኛዋ የዳክዬ ጫጩት ደረቷ ላይ አቅፋ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራለች። ማን እንዳስቀየማት አይታወቅም። ስሙን ያወጣላት አባቴ ነው።

እኔ የተወለድኩት ከእሷ ራስ በላይ ነው። ቤታችን እዚሁ ኮረብታው ላይ፣ ከመቃብሩ ጣሪያ በላይ ነበር። ሰፈራችንን አፍርሰው ሜዳው ላይ ካሰፈሩን ወዲህ ከዚያ ኮረብታ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። አንድ ነገር ብትሆንብኝ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ጥቅምት 9

ስልሳ አንድ ሰው። በአንድ ጊዜ ከአሥር በላይ አይገባም፤ መመሪያው ነው፤ አስከበርኩ።

አንድ ጎልማሳ ገባ፣ ዞር ዞር አለ፣ አስጎብኚውን አንድ ነገር ጠየቀው። «ምን አለ?» ብለው «ይሄው ብቻ ነው ወይ አለ» አለኝ። ዓይኑ ሳይለምድ ወጣ። አንዲት ሴት ደግሞ ለግድግዳው ጀርባዋን ሰጥታ የራሷን ፊት አርባ ጊዜ ያህል አነሣች። ከዚያን ያህል አገር በአውሮፕላን የመጣችው የራሷን ፊት ለማየት ከሆነ መስታወቱን ደጅ ላሳያት እችል ነበር።

ልጄ ሰናእ ምሳ አመጣችልኝ። ፉልና ዳቦ። የቱሪዝም ትምህርት ጨርሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ፍለጋ የምትንከራተት ልጅ ናት። መስታወቱን ስይዝ በስልኳ ቀረጸችኝ። አልከለከልኳትም።

ጥቅምት 12

ሰናእ ቪዲዮውን ሰው እንዳየው ነገረችኝ።

«ስንት ሰው?»

«አባ፣ ሰፈሩ፣ ከተማው፣ ከዓባይ ወዲያ ማዶ ያለው ሁሉ ተሰብስቦ ቢያይህ እንኳ አይደርስበትም።»

አልገባኝም። ደስ ግን አለኝ፤ አልዋሽም።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች። «ጨለማ ነው። ጨርቁን አንሣና ሰሌዳውን ቀና አድርገህ ቀጥታ ፊቷ ላይ ብትጥለው? ካሜራ ጨለማ አይወድም።»

«አይሆንም» አልኳት። «አያትሽ ከመቃብሩ ተነሥቶ ነው የሚገርፈኝ።»

ጥቅምት 20

ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለቪዲዮው።

ጨርቁን አጣጥፌ ሰሌዳውን ቀና አደረግሁት። ወላሂ፣ እንደዚያ አይቻት አላውቅም። የጆሮ ጌጧ ወርቅ መሆኑን ያወቅሁት ዛሬ ነው። የከንፈሯ ጠርዝ፣ የዳክዬዋ ላባ አንድ በአንድ ታየ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ከእሷ ጋር እድሜዬን የፈጀሁ ሰው ገና ዛሬ የተዋወቅኋት መሰለኝ። አባቴ ይህን ሳያይ መሞቱ አሳዘነኝ። ሰናእ አልቅሳ ልታስለቅሰኝ ነበር።

ነገ ጨርቁን መልሼ አነጥፋለሁ።

ጥቅምት 29

መቶ አርባ ሰው። ሰልፉ እስከ አጥሩ። «የመስታወቱ ሰውዬ» ይሉኛል በየቋንቋቸው። አስጎብኚዎቹ እንደ ፊልም ተዋናይ እጄን ይጨብጡኛል። ሚስቴ ናዕማት ሰማያዊውን ጀለቢያ ተኩሳ ሰጠችኝ። «ሙሽራ» አለችኝ፣ እየሳቀች። ደክሞኛል። ነገ እጽፋለሁ።

ኅዳር 6

ሙንዚር ራሱ መጣ። በዚህ ኮረብታ ላይ በእግሩ ሲወጣ ካየሁት አራት ዓመት ይሆነዋል።

«አጎቴ ባድሪ! እርስዎ እኮ ሀብት ነዎት! ዋናው መሥሪያ ቤት ድረስ ተወርቶብዎታል።»

«አምፖሉስ?» አልኩት።

«የምን አምፖል? አምፖል ካለ ማን ሊመጣ!»

«ቁጥሩስ? አሥር ነበር መመሪያው። ትናንት አስጎብኚዎቹ ሠላሳ ሰው አንድ ላይ አስገቡ። ግድግዳው ላብ ሆኗል።»

ትከሻዬን ይዞ ደጅ አወጣኝና «መመሪያ መመሪያ ነው፤ እንግዳ ደግሞ እንግዳ ነው። የዓባይ እንግዳ ይመለሳል እንዴ? በእርስዎ ዕድሜ ይሄ ይነገራል?» አለኝ። ሲወርድ ሾፌሩ ጃንጥላ ያዘለት።

ጭብጨባው ነው የሚያናድደኝ። ጨለማ ውስጥ ተጠቅጥቀው ይቆማሉ፤ ስልኮቻቸውን ያነሣሉ፤ እኔ ደጅ ሆኜ መስታወቱን ዘንበል ሳደርግ ብርሃኑ ፊቷ ላይ ዱብ ይላል፤ ያጨበጭባሉ። ከዚያ ይወጣሉ። ስድስቱን ልጃገረዶች የሚያያቸው የለም። ኮራፊዋንም ቢሆን በስልኩ ውስጥ እንጂ በዓይኑ ያያት ሰው ዛሬ አልቆጠርኩም። ድሮ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጨርቁ ዳር ተቀምጦ ግማሽ ቀን ያህል ዝም ብሎ አይቷት ሲወጣ አባቴን ጉልበቱን ስሞታል። እንደዚያ ያለ ሰው ዛሬ ቢመጣ በክርን ገፍተው ያስወጡታል።

ተንቀሳቃሽ ሐውልት ሆኛለሁ። ከእሷ ይልቅ እኔን ነው የሚቀርጹት።

(ሰማያዊው ጀለቢያ ክርኑ ላይ ተቀዷል። ሌላ ማሰፋት ይኖርብኛል።)

ኅዳር 15

ከኮራፊዋ ጆሮ ሥር ልስኑ አብጧል። የምስር ፍሬ ያህል። ስንት ዓመት የማውቃት ልጅ ናት፤ ባለፈው ወር አልነበረም።

ላባቸው ነው። ትንፋሻቸው ነው። ሠላሳ ሰው በአንድ ክፍል! ለሙንዚር ደወልኩ። «ጻፉልኝ» አለ። ጻፍኩ፤ በሰናእ በኩል ላክሁ። መመዝገቡን ነገረኝ።

ኅዳር 22

ዛሬ ጠዋት ናዕማት ልብስ እየዘፈዘፈች፦

«የሰናእ አባት፣ ጨርቁ ለምን ለእጥበት አይመጣም?»

«የቱ ጨርቅ?»

«ስንት ጨርቅ አለህ? በየሐሙሱ ታመጣልኝ የነበረው ነዋ። ዓርብ ስሰጣው ነው ሳምንት መሆኑን የማውቀው።»

«አልቆሸሸም።»

«ያ ሁሉ ሰው እየገባ?»

«አልኩሽ እኮ፣ አልቆሸሸም!»

ጮኼ ነበር መሰለኝ። ልብሱን ማሸት ቀጠለች። አንዳንድ ጊዜ ሴቶች ዝም ሲሉ ይበልጥ ያደርቃሉ።

ታኅሣሥ 3

ዛሬ ሐጅ ሻዝሊ መጣ። ከአባቴ ጋር አብሮ የዘበኝነት ሥራ የሠራ ሰው ነው። ዓይኑ በሞራ ከተሸፈነ ቆይቷል፤ የልጅ ልጁ እጁን ይዛ አወጣችው። «ይህን የሚወራለትን መቃብር ሄጄ ላዳምጥ» ብሎ ነው የመጣው። ሥራ የሚበዛበት ሰዓት ነበር። ከሰልፉ አስቀድሜ አስገባሁትና ግድግዳው አጠገብ፣ ከኮራፊዋ ሥር አቆምኩት። ከዚያ ወጥቼ መስታወቱን ያዝኩ። ጭብጨባው ተሰማ። ስመለስ ሐጁ እጁን ፊቱ ላይ ጋርዷል።

«አንተ ልጅ» አለኝ። ለእሱ ዛሬም ልጅ ነኝ። «ፊቴን ምንድን ነው የሚለበልበኝ?»

«ፀሐይ ነዋ፣ ሐጅ። መስታወቱ።»

«በአባትህ ጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ስንት ጊዜ ቆሜአለሁ። ለብልቦኝ አያውቅም።»

ፈረንጆቹ ገና እየቀረጹ ነበር። እጁን ዘርግቶ በእግሩ መሬቱን ዳበሰ፤ ወለሉ ኮሽ አለ።

«ጨርቁ የታለ?»

«ለእጥበት ሰጥቼው ነው» አልኩት።

ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። የማያይ ሰው ነው፤ ምን ያደርገኛል? ጨርቁ እዚያው በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ታጥፎ ነበር፤ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ተቀምጣበት ውሃ ትጠጣለች። ሐጁ የልጅ ልጁን ትከሻ ይዞ ወጣ። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ። ሐጅ ሻዝሊ ሻይ ሳይጠጣ ከዚህ ኮረብታ ወርዶ አያውቅም።

ከነገ ጀምሮ አነጥፋለሁ። በቃ።

ታኅሣሥ 4

አነጠፍኩ።

የመጀመሪያዎቹ ገቡ። «አይታይም» አሉ። «ዓይናችሁ እስኪለምድ ጠብቁ» በላቸው አልኩት አስጎብኚውን። አልጠበቁም። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮውን እያሳየኝ በጣቱ ይጠቁማል፤ እንዲህ አድርግ፣ እንዲህ! አንዲት ልጅ ደግሞ ልታለቅስ ደረሰች፤ ለዚህ ብላ ነው የመጣችው አለኝ አስጎብኚው። «አጎቴ፣ ኧረ በፈጠረህ አታዋርደኝ» ብሎ ለመነኝ። ሙንዚር ደወለ። «ታመሙ እንዴ አጎቴ ባድሪ? ካመምዎት ሰው ልመድብ እችላለሁ» አለኝ።

ሰው ይመድባል! ለአባቴ መስታወት! ሌላ ሰው ይዞት ልይ?

ከእኩለ ቀን በፊት አጠፍኩት።

ታኅሣሥ 16

እብጠቱ የባቄላ ፍሬ አክሏል። በጎኑ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወጥቷል።

ሰናእ ሥራ አገኘች። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ቪዲዮዎቿን አይቶ ቀጠራት፤ በእኔው መቃብር ጀምራ እስከ ወንዙ ሰው ታዞራለች። ቤት ውስጥ እልልታው ቀለጠ። ናዕማት ዳክዬ አረደች። ስለ ስንጥቁ አልነገርኳቸውም። በዚህ መሃል ምኑ ይነገራል?

ጥር 2

አራት መቶ አሥራ ሁለት። የወንዝ መርከቦቹ አንድ ላይ ደረሱ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆሜ። ዳቦ አልቀመስኩም። ፀሐይዋ ሳትቀር ሰልችቷታል።

እነዚህ ሰዎች ይህን ቦታ በልተው ይጨርሱታል። አንድ ቀን መጥተው ግድግዳውን በሙሉ በየስልካቸው ይዘውት ይሄዳሉ። እኔ ምን አቅም አለኝ? አንድ ዘበኛ ነኝ።

ጥር 9

ወደቀች።

ጥር 10

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

የሰናእ እንግዶች ነበሩ፤ ሃያ ስምንት ሰው። ሰናእ ውስጥ ሆና «እሺ አባ!» አለችኝ። መስታወቱን ዘንበል አደረግሁ። ጭብጨባው ተሰማ። በጭብጨባው መሃል ነው የወደቀችው። ድምፅ እንኳ አልነበራትም። ገብቼ ሳይ ከግንባሯ እስከ አገጯ የነበረው ቦታ ነጭ ሆኗል፤ ዳክዬዋ ብቻ ማንም ሳያቅፋት ቀርታለች። ሰዎቹ አሁንም እያጨበጨቡ ነው። የትርኢቱ አካል መስሏቸዋል።

ጥምጥሜን ፈትቼ ተንበረከክሁ፤ ስብርባሪዋን መልቀም ጀመርኩ። ከኋላዬ አንድ ሰው ትከሻዬን ነካ ነካ አድርጎ በቋንቋው አንድ ነገር አለኝ። ሰናእን ቀና ብዬ አየኋት፤ አልተረጎመችልኝም። አያስፈልግም ነበር። ከካሜራው ፊት ዞር በል ነው የሚለኝ።

ዓይኗ ለብቻው ሙሉውን ወድቋል። መዳፌ ላይ አድርጌው ቆየሁ። ሞቅ ይል ነበር።

ጥር 13

ሦስት ሰዎች ከዋናው መሥሪያ ቤት መጡ፤ ሁለት ወንድና አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት። እርጥበቱን ለኩ። ደብተሩን ከፊት በኩል አዩ። ቁጥሩን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙንዚር «ስንጮህ ነው የከረምነው! ይኸው የአጎቴ ባድሪ ደብዳቤ!» ብሎ እኔ የጻፍኩትን አወጣ። ለካ አስቀምጦት ኖሯል።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞር ብላ «የመብራቱ አጠቃቀምስ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ።

«ባህላዊ ነው» አለ ሙንዚር። «ከአባቱ የወረሰው። በዚህ መንደር መቶ ዓመት የተሠራበት ነው። አይደለም እንዴ አጎቴ?»

«ነው» አልኩ።

ሴትዮዋ ጻፈች። ወረቀቱ «ከጎብኚ ብዛት በመጣ ላብና ትንፋሽ» ይላል። እኔም ከታች ፈረምኩ። ውሸት የለውም፤ ላብም ነበር፣ ትንፋሽም ነበር። ሙንዚር ሲሰናበተኝ አቀፈኝ። «እርስዎን የሚወቅስ የለም» አለኝ። ሰናእ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ዓይኗን ሳላይ አለፍኩ።

የካቲት 1

መቃብሩ በብረት በር ተዘጋ። በየዳር ዳሩ በየዱት።

ከትኬት ቢሮው አጠገብ ባለው አዳራሽ የመቃብሩን አምሳያ መሥራት ከጀመሩ ዓመት አልፏቸዋል፤ እኔንም ወደዚያ አዛወሩኝ። ግድግዳው ፕላስቲክ ነው። ስታንኳኳው እንደ ባልዲ ይጮኻል። ሰባቱም ልጃገረዶች አሉ። የኮራፊዋን ፊት የወሰዱት ከሰናእ ቪዲዮ ነው፤ ከዚያ ውጪ እንደዚያ ጥርት ብሎ የተነሣ አልተገኘም አሉ። ስለዚህ ለዘላለም ብርሃን እንደተጣለባት ናት። ወርቋ ያብረቀርቃል፤ ጉንጯ ይነዳል። የተኮሳተረች ትመስላለች፤ እንደ ድሮው አኩርፋ ሳይሆን ዓይኗን ፀሐይ እንደወጋው ሰው።

ፀሐይ አዳራሹ ውስጥ አትገባም። ጥግ ላይ ትልቅ መብራት አቁመዋል። እኔ ከእሱ ብርሃን ተቀብዬ በመስታወቴ ወደ ሰሌዳው እልካለሁ።

«አሁን እንደልብዎ ፊቷ ላይ ይጣሉት» አለኝ ሙንዚር። «ይቺ ምንም አትሆንም።»

እሱ ማወቁን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ገና ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። አብረን ነበርና ማናችንም አልተናገርንም።

የካቲት 8፣ ሐሙስ

ዛሬ ጨርቁን ይዤ ሄድኩ። አዳራሹ ወለል ላይ አነጠፍኩት። ሰሌዳውን ወደ መሬት መለስኩ።

ገቡ፤ ሃያ ሰው። «አይታይም» አሉ። በራሴ አፍ፣ በማውቃት በጥቂት የእንግሊዝ ቃል «ጠብቁ፣ ዓይናችሁ ይለምዳል» አልኳቸው። አንዱ የስልኩን ባትሪ አበራና ግድግዳው ላይ ለቀቀው። ሌሎቹም ተከተሉት። ፎቶ አንሥተው ወጡ። ጨርቁን የረገጠው እንኳ አልነበረም፤ ዙሪያውን ነው የሄዱት። አንዲት ሴት ብቻ በሩ ላይ ዞር ብላ ትንሽ ቆመች፤ ባሏ ጠራት።

ወደ ቤት ስመለስ ናዕማት በሩ ላይ አገኘችኝና ጨርቁን ከብብቴ ሥር ወሰደችው። ገልበጥ አድርጋ አየችው። አሸተተችው። ሰናእ ገና ከሥራ አልገባችም፤ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

«ናዕማት» አልኳት። «ላቡ አይደለም። ትንፋሹም አይደለም። ጨርቁን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ፊቷ ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ። አባቴ አትጣልባት እያለኝ።»

ጨርቁን ለመዘፍዘፍ ወደ ባልዲው ጎንበስ እንዳለች፣ ቀና ሳትል፦

«አውቃለሁ» አለችኝ። «የማጥበው እኔ አይደለሁ?»